አትላንቲክን ጋደም ብሎ መሻገር

ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን መሄድና ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ መመለስ በሰዓት እኩል አይደለም። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ይገባል። ከቦሌ የሚነሳው ግን መንገድ ላይ ነዳጅ መሙላት አለበት። ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች እንደ ዘመኑና እንደ መስመሩ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፉ ኖረዋል፤ ጉዞው በጠቅላላው 16 ሰዓት አልፎ ይሄዳል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ አይገፋም፤ ክንፉም እንደ ቆላ አየር አያነሳም። ስለዚህ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ አንድ ላይ ተሸክሞ ከዚያ መነሳት ይከብዳል። ዳለስ 100 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል።

ይህን ያስቀደምኩት ለትኬት ቆራጭ ትልቅ ትርጉም ስላለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትኬት ቢሮ እሠራለሁ። እናት ወይም አባት ለማስመጣት ብለው ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ለሁለቱም ጉዞ ቢዝነስ ክላስ የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ ለአንዱ ብቻ ግዙ፤ እሱም ከቦሌ የሚነሳው ይሁን። የሚረዝመው እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚበረውም እሱ ነው፤ ማታ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ዳለስ ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ዘርግተው መተኛት የሚያስፈልጋቸው በዚያ ሌሊት ነው።

የተወለድኩት ጎብዬ ነው፤ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ አላውሃን ተሻግረው የሚያገኟት፣ የራያ ቆላ የሚጀምርባት ከተማ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ማሽላና ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው አይታጠፍላቸውም፣ ስኳርም አለባቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ አሜሪካ የሚመጡበት ቪዛ ሲገኝ ስልክ ላይ የነገሩኝ «አብሽሪ ልጄ፣ የትም ብታስቀምጪኝ እመጣለሁ» ብለው ነው። እኔ ግን በኢኮኖሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ሌሊቱን ሲያድሩ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። በሥራዬ የማውቀውን ሁሉ ለእሳቸው ስል እንደገና መረመርኩት። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የተገኘውን ነው።

መጀመሪያ ቢዝነስ ክላስ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደማይሰጥ እንለይ። የሚሰጠው ዋነኛ ነገር ወንበር ነው፤ እግር የሚዘረጋበት፣ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር። ቀጥሎ ተጨማሪ ሻንጣ፣ ከበረራ በፊት የሚያርፉበት ላውንጅ፣ ሰልፍ የሌለበት መስተንግዶ፣ ሳይቸኩሉ የሚበሉት ምግብ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ክፍል ክላውድ ናይን ይለዋል። ዊልቸር ግን የቢዝነስ ክላስ ጥቅም አይደለም። የትኛውም መንገደኛ፣ በርካሹ ትኬት የሚሄደውም ጭምር፣ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ትኬቱ ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ብቻ ነው። እናታቸው ዊልቸር እንዲያገኙ ብለው ቢዝነስ ክላስ ሊገዙ የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል። ዊልቸሩን በኢኮኖሚው ትኬት ላይ አስመዘገብኩላቸው፤ ገንዘባቸውን ይዘው ተመለሱ። የምግብም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን፣ የጾም ወይም የሙስሊም ምግብ ቀደም ብሎ ከታዘዘ በሁለቱም ክፍል ይቀርባል።

ስለ ደም መርጋትም ብዙ ይወራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ያም ሆኖ ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 መንገደኞች አንዱን ቢያገኝ ነው። ከፍ የሚለው ውፍረት ላለባቸው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል ለሚወስዱ ሴቶች፣ ቁመታቸው ከ1.90 ሜትር ለበለጠ እና ከ1.60 ሜትር ላነሰ ሰዎች ነው። የመጨረሻው ብዙ እናቶቻችንን ይመለከታል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለል አይነካም። ጥናቱ ሌላም ነገር ይላል፤ ጥፋቱ ያለመንቀሳቀስ እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም፣ በአውቶቡስና በመኪናም ያው ነው። እንግዲህ በቢዝነስ ክላስም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሱ ከተኙ አደጋው አብሮ አለ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወላጆች ሐኪም ሳያማክሩ ትኬት አይቆረጥላቸው።

የወንበር ምርጫ ቢዝነስ ክላስ ውስጥም ዋጋ አለው። አየር መንገዱ በብዛት በሚጠቀምባቸው ቦይንግ 787 እና ኤርባስ 350-900 አውሮፕላኖች ላይ የቢዝነስ ወንበሮች በአንድ ረድፍ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነው ስድስት ናቸው። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ሌሊት ለመነሳት የተኛውን ጎረቤቱን መሻገር አለበት። ጉልበታቸው ለሚያማቸው ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ለወላጅ ወይ የመተላለፊያ ወንበር፣ ወይ የመካከለኞቹን ጥንድ ያዙ፤ የመካከለኞቹ ሁለቱም በየራሳቸው በኩል መተላለፊያ አላቸው። አስተያይታችሁ መግዛት ከቻላችሁ የአውሮፕላኑን ዓይነት ከትኬቱ ላይ አንብቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከአፍሪካ ቀድሞ በተረከበው ኤርባስ 350-1000 ላይ የቢዝነስ መንገደኛ ሁሉ ቀጥታ ወደ መተላለፊያ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋጋው። ቢዝነስ ክላስ የተወለደው በዚሁ በአትላንቲክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 ፍሬዲ ሌከር የተባለ እንግሊዛዊ ከለንደን ኒውዮርክ በ59 ፓውንድ የሚያደርስ ስካይትሬን የተባለ በረራ ጀመረ። ሌሎቹም ዋጋ ለመቀነስ ተገደዱ። በ1978 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ መወሰኑን በሕግ አቆመ። ያን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ በርካሽ የገዛው ቱሪስትና ሙሉውን ዋጋ የከፈለው ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነጋዴው አጉረመረመ። ፓን አም እና ብሪቲሽ ኤርዌይስ በዚያው ዓመት ሙሉ ከፋዮችን ከፊት ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ። ጠፍጣፋ የሚተኛ አልጋ በዚህ ክፍል የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ያመጣውም ብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። ቢዝነስ ክላስ ብቻ ጭነው አትላንቲክን እናሻግራለን ያሉ ኢኦስ፣ ማክስጄትና ሲልቨርጄት የተባሉ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 አጋማሽ ባለው ጊዜ ተዘጉ። የእኛው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 ሥራ ሲጀምር በሲ-47 አውሮፕላኖቹ ጎንና ጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነበር መንገደኛ የሚቀመጥበት፤ መሐሉ የዕቃ ነበር። ዋሽንግተን መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ይህን ታሪክ ያወሳሁት ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ስለሚያስረዳ ነው። ቢዝነስ ክላስ የተሠራው ገንዘቡን ከኪሱ ለማይከፍል ሰው ነው። አሠሪው ይከፍልለታል፤ ነገ መብረር ስላለበትም ዋጋ አይጠይቅም። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችና ኤምባሲዎች ሞልተውባታል። አየር መንገዱ ዋጋ የሚያወጣው እነሱን አስቦ ስለሆነ ቢዝነስ ክላስ ከኢኮኖሚ ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ግን እያንዳንዱ ወንበር ሁልጊዜ ለእነሱ አይሸጥም። ባዶ የሄደ ወንበር ደግሞ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ምንም አያወጣም። ለእኔና ለእናንተ ቀዳዳ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው።

አየር መንገዶች አንድን ክፍል በአንድ ዋጋ አይሸጡም። ያው ወንበር፣ ያው ምግብ ሆኖ ትኬቱ ላይ በሚጻፍ አንድ የላቲን ፊደል የሚለዩ በርካታ ዋጋዎች አሉ። ርካሹ ፊደል ጥቂት ወንበር ይሰጠዋል፤ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል፣ ሽያጩ ከቀዘቀዘ ርካሹ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። የቆቦ ገበያ ማሽላ ሻጭ ጠዋት የጠራውን ዋጋ ቀኑ ሲያዘነብል እንደሚያሻሽለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ዋጋ የሚለውጠው ኮምፒዩተር ነው፣ ያውም ሌት ከቀን። ርካሾቹ ፊደሎች ግን ገመድ አላቸው። ቀን ለመለወጥ ቅጣት ይኖራቸዋል፣ አንዳንዶቹ ቢሰረዙ ገንዘብ አይመልሱም፣ ለወደፊት ትኬት የሚጠራቀመውን የጉዞ ነጥብ፣ ማይልንም፣ አሳንሰው ይቆጥራሉ። ወላጅ ታሞ ቀን ሊገፋ ስለሚችል «ርካሹ ስንት ነው?» ከማለት ቀጥላችሁ «ቀን ብለውጥ ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወቅቱን ማወቅ ከሁሉም ይበልጣል። ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈው ሰው በሰኔና በሐምሌ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከዚያም በታኅሣሥ ለገና ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ቀለል ይላል። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ጎርፉ አቅጣጫ አለው። በነሐሴ አጋማሽ ሕዝቡ ከቦሌ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ከአሜሪካ ወደ ቦሌ የሚበረው አውሮፕላን ሰፋ ያለ ቦታ ይኖረዋል። የእኛ የራያ ቆቦ የሶለል በዓል ደግሞ የሚጀምረው ነሐሴ 16 ነው። ተማሪ ልጅ የሌለው ሰው ለሶለል ገብቶ መስከረም መጨረሻ ቢመለስ በሁለቱም በኩል ከጎርፉ ውጭ ይበራል፤ ርካሹን ፊደል የማግኘት ዕድሉም ይሰፋል። ወላጆችን ስታስመጡም ያው ነው፤ እነሱ የትምህርት ቤት ቀን አይጠብቃቸውም፣ ሕዝቡ ወደ አገር ቤት በሚወርድበት በሰኔ እነሱ ወደዚህ ይምጡ።

ግማሽ ጉዞ ቢዝነስ፣ ግማሽ ጉዞ ኢኮኖሚ የሚለውን ምክሬን የምትሞክሩ ከሆነ ሁለት ነጠላ ትኬት አትግዙ። ነጠላ ትኬት ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ግማሽ በላይ ያስከፍላል። አንድ ደርሶ መልስ ትኬት ሆኖ አንዱ ጉዞ በቢዝነስ፣ ሌላው በኢኮኖሚ እንዲሠራላችሁ አየር መንገዱን ደውላችሁ ወይም ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በስልክ መተግበሪያው ላይ ሁልጊዜ አይታይም። ለምሳሌ ያህል ኢኮኖሚው ደርሶ መልስ 1,500 ዶላር፣ ቢዝነሱ 4,500 ዶላር ቢሆን ድብልቁ 3,000 አካባቢ ይመጣል። ለአባቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሲመጡ ተኝተው መጡ፤ ሲመለሱ ጉዞው ቀጥታ ስለነበር በኢኮኖሚ፣ እግር መዘርጊያ ሰፊ ባለው ወንበር፣ ከአንድ የቆቦ ልጅ ጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ጉዞው የሚጀምርበት ከተማም ዋጋ ይለውጣል። ከአዲስ አበባ የሚጀምር ትኬትና ከዋሽንግተን የሚጀምር ትኬት፣ ቀኑና አውሮፕላኑ አንድ ቢሆንም፣ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ሁለቱንም አስፈትሹ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አገር ቤት በብር የሚገዛው ትኬት በጣም ስለከበደ፣ አብዛኛው ቤተሰብ የሚቆርጠው ውጭ ባለው ልጅ ካርድ ነው። ሌላም የሚያስቆጭ እውነት አለ፤ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ወደ ናይሮቢ ለሚያልፍ መንገደኛ አየር መንገዱ አዲስ አበባ ላይ ከሚወርደው ያነሰ ሊያስከፍል ይችላል። ቀጥታ በረራ ያለው ለእኛ ነው፣ ስለዚህ ብዙ እንከፍላለን፤ የናይሮቢው ሰው በሌላ አየር መንገድም መሄድ ስለሚችል ይባበላል። ይህን ዘዴ ብለው እስከ ናይሮቢ ቆርጠው ቦሌ ላይ ሊወርዱ የሚያስቡ አሉ። ሻንጣቸው ናይሮቢ ይሄዳል፤ አንዱን በረራ ሲዘሉ የመመለሻው ትኬት ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። ለሽማግሌ ወላጅ በጭራሽ አይሞከርም።

በኢስታንቡል የሚያልፈው የቱርክ አየር መንገድ፣ በካይሮ የሚያልፈው ግብፅ አየር፣ በፍራንክፈርት የሚያልፈው ሉፍታንዛ በቢዝነስ ክላስ አንዳንዴ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ። አማርኛ ብቻ ለሚናገሩ፣ ጉልበታቸው ለደከመ ሰው ግን ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን መቀየር ከወንበሩ ምቾት የበለጠ ያደክማል። ቋንቋቸውን የምትናገር አስተናጋጅ «አባባ፣ ምን ላምጣልዎት?» የምትልበት በረራ፣ ጥቂት መቶ ዶላር ቢበልጥም፣ ለእነሱ የተሻለ ነው። ለራሳችሁ ስትበሩ ግን ሦስቱንም ተመልከቱ።

ማይልን በተመለከተ ከወገኖቼ ጋር ክርክር አለኝ። ለዓመታት ወደ አገር ቤት እየተመላለሱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ በሼባ ማይልስ፣ አንድም ጊዜ ቁጥራቸውን ያላስመዘገቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የተመዘገቡትም ጊዜው አልፎ ሲቃጠል አያውቁትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በዩናይትድ፣ በኤር ካናዳ ወይም በሉፍታንዛ ስትበሩ የተሰበሰበው በእኛው ይቆጠራል፤ በእኛው ስትበሩም በእነሱ ፕሮግራም ማስቆጠር ትችላላችሁ። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ደግሞ ትልቁ ምንጭ በረራ አይደለም፣ የባንክ ካርድ ነው። ቼዝና አሜሪካን ኤክስፕረስ የሚሰጡት ነጥብ ወደ ኤር ካናዳ ፕሮግራም ይዛወራል፤ በዚያ ነጥብ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ወንበር መያዝ ይቻላል፣ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያም አይጠይቁም። ነጥቡን ለእናታችሁ ስም ትኬት መቁረጫ ማድረግም ይፈቀዳል። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። በማይል የሚሰጡት ወንበሮች በየበረራው ጥቂት ናቸው፤ ወይ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ ወይ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይገኛሉ። ነጥቡን ከካርዱ ካዛወራችሁ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ መኖሩን አይታችሁ፣ ቀጥሎ አዛውሩ። ካርዱን በየወሩ ሙሉ ለሙሉ የማይከፍል ሰው ይህን ባይሞክር ይሻለዋል፤ ወለዱ ትኬቱን ይበላዋል።

ብዙ አየር መንገዶች ኢኮኖሚ ለቆረጠ መንገደኛ በረራው ሲቃረብ በኢሜይል ጨረታ ይልካሉ፤ ወደ ቢዝነስ ለማለፍ ስንት እንደሚጨምር መንገደኛው ራሱ ዋጋ ያቀርባል። በረራው ባዶ ሲሆን ትንሽ ዋጋ ያሸንፋል። ለወጣት ጥሩ ዕድል ነው። አልጋ የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ግን በጨረታ ላይ መደገፍ ልክ አይደለም፤ ካልተሳካ ሌሊቱ ይጠብቀዋል።

በቢዝነስ ክላስ ስም የሚደረግ ማጭበርበር እየበዛ ነው። ግማሽ ዋጋ ብለው በቴሌግራም የሚጠሩ፣ ገንዘቡን ዜል (Zelle) በተባለው መላኪያ የሚያስልኩ፣ ከዚያ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ኮድ ብቻ የሚልኩ ሰዎች አሉ። ያ ኮድ ትኬት አይደለም። ገንዘብ ሳይከፈልበት የተያዘ ቦታ ራሱ ኮድ ይኖረዋል፣ ከቀናት በኋላም ይጠፋል። እውነተኛው ትኬት 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያን ቁጥር ተቀብላችሁ አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ክፍያውም ብትከራከሩ ገንዘብ በሚመልስ ክሬዲት ካርድ ይሁን። የአሜሪካ ሕግም ከጎናችሁ ነው። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚመጣ በረራን ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድማችሁ ከራሱ ከአየር መንገዱ ከገዛችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። በቢዝነስ ከፍላችሁ ወደ ኢኮኖሚ ካወረዷችሁ ልዩነቱ ይመለሳል። በረራው ከስድስት ሰዓት በላይ ቢዛወርና ባትቀበሉት ሙሉ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከቦሌ በኋላ ያለውን መንገድ የሚያስብ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወልዲያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ መርሳን አልፎ ወልዲያ፤ ከዚያ ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ። በመመለሻውም ሰማይ ላይ ተኝተው የመጡ አባት ቀኑን ሙሉ ጉልበታቸውን አጥፈው መኪና ውስጥ ከተቀመጡ፣ በሦስት ሺህ ዶላር የተገዛው ዕረፍት ደብረ ሲና ሳይደርስ ያልቃል። ላሊበላና ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። ከላሊበላ በጋሸና፣ ከኮምቦልቻ በደሴ ወልዲያ ይገባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ ትኬት ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጡን በቅናሽ ይሸጣል፤ ከዚያም የሚሻለው ሁለቱን በአንድ ትኬት ማስቆረጥ ነው፣ ዓለም አቀፉ ቢዘገይ የአገር ውስጡን የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ይሆናል። ቢዝነስ ክላሱንም የአገር ውስጥ በረራውንም መግዛት የማትችሉ ከሆነ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ቢዝነስ ክላሱን ተዉና የላሊበላውን ወይም የኮምቦልቻውን በረራ ግዙ። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ ከትኬት ቢሮ አትጠይቁ፤ መንገዱ ላይ ካሉት ዘመዶች በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ሰሜን ወሎ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል፣ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል።

ለጤነኛና ለወጣት ሰው ቢዝነስ ክላስ እንዲገዛ አልመክርም፤ ሥራዬ ትኬት መሸጥ ቢሆንም። አንድ ሌሊት ተቀምጦ ማደር ያልፋል። በልዩነቱ ገንዘብ ጎብዬ ላይ ለአንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይገዛል፤ የራያ ቆላ መሬት ውኃ ካገኘ ምን እንደሚያበቅል የቆቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የበላ ሁሉ ያውቃል። አልጋው የሚገባው ላረጁት፣ ለታመሙት፣ ለነፍሰ ጡርና ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ነው።

ስለዚህ ትኬት ቢሮ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ያሉትን የማይልና የካርድ ነጥቦች ሁሉ፣ የባልን፣ የሚስትን፣ ለብቻቸው የተመዘገቡትን የልጆችንም፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ የሚቃጠሉበትን ቀንም ከጎኑ። የወላጆቻችሁ የአልጋ ዋጋ እዚያ ወረቀት ላይ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይቃጠል ድረሱበት።